ሰፈርና መስፈሪያ

በአማርኛ «ሰፈረ» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጦር ከዘመቻ ውሎ ድንኳኑን ሲተክል ሰፈረ ይባላል፤ ነጋዴ ጤፉን በቁና ሲለካም ሰፈረ ይባላል። ከመጀመሪያው «ሰፈር» የሚለው ስም ወጥቷል፤ ከሁለተኛው «መስፈሪያ» እና «መስፈርት» ወጥተዋል። ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ይሁኑ ወይም በድምፅ ብቻ የተገናኙ፣ ፍርዱ ለመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ይተው። አዲስ አበባ ግን በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ በመጀመሪያው ትርጉም ስትሰፈር የኖረች ከተማ ናት። የመኳንንቱ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር እየተባለ ሰው በዘመዱ፣ በሙያውና በጌታው ዙሪያ ተከማችቶባታል። ዛሬ ደግሞ በሁለተኛው ትርጉም፣ በካሬ ሜትርና በብር፣ እየተሰፈረች ነው።

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጌጃ ሰፈር ይህን ነገር ለመመርመር የተመቸ ሥፍራ ነው። ከአጠገቡ ሰንጋ ተራ አለ። ስሙ የከብት ገበያን ያስታውሳል፤ መልኩ ግን የባንክና የመድን ድርጅቶች መንደር ሆኗል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የቆመው እዚያው ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ልደታን በድልድይ ላይ አቋርጦ ያልፋል። ሜክሲኮ አደባባይና ዋቢ ሸበሌ ሆቴል በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት «መልሶ ማልማት» የተባለው ሥራ በስፋት ከተካሄደባቸው የከተማዋ ክፍሎች አንዷ እንደ ነበረችም የሚታወስ ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ ላይ ያለ ዝቅተኛ የጭቃ ቤት ሁልጊዜ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ቤቱ ሲኖር ያለው ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ቤቱ ሳይኖር መሬቱ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ከተማ ለእንግዳ ስትሰናዳ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው።

አንድ አገር ጎብኚን ለመቀበል ምን ያህል ካፒታል አፈሰሰች ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቁጥር ነው። ቁጥሩም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ እውነተኛ ቁጥርም ቢሆን ምን ከመስፈሪያው እንደ ገባ፣ ምንስ ከመስፈሪያው ጠርዝ ወደ ውጭ እንደ ፈሰሰ በራሱ አንደበት አይናገርም። የቱሪዝም ካፒታል ሥፍር ከሒሳብ ዐዋቂዎች ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ግብረ ገብ አደባባይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መስፈሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይገባል። ዓለም የተስማማበት መሣሪያ «የቱሪዝም ሳተላይት ሒሳብ» ይባላል። ሳተላይት መባሉ ጨረቃ በምድር ዙሪያ እንደምትዞር ሁሉ እርሱም በዋናው የአገር ሒሳብ ዙሪያ ስለሚዞር ነው። በዋናው ሒሳብ ውስጥ ቱሪዝም የሚባል ራሱን የቻለ ዘርፍ የለም። ሆቴሉ በአንድ መደብ፣ አውሮፕላኑ በሌላ፣ ምግብ ቤቱ በሦስተኛ ተበትነው ይገኛሉ። ሳተላይቱ እነዚህን ለቅሞ በጎብኚው ዙሪያ ያሰባስባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን የጸደቀው መመሪያ 10 ሠንጠረዦች አሉት። 8ኛው ሠንጠረዥ «ጥቅል የቋሚ ካፒታል ምሥረታ» የተባለውን፣ ማለትም ረጅም ዕድሜ ላላቸው ንብረቶች በዓመቱ ውስጥ የወጣውን ወጪ የሚመዘግብ ነው። ሆቴል ሲሠራ በዚህ ይገባል፤ የአስጎብኚ ድርጅት አውቶቡስ ሲገዛ ይገባል፤ ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ሲያስመጣም ይገባል። ችግር የሚጀምረው መንገድ ላይ፣ ውኃ ቧንቧ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የእንግዳው ድርሻ የቱ ነው? የባለቤቱስ? የመመሪያው አዘጋጆች ይህን ችግር አልሸሸጉም። 8ኛው ሠንጠረዥ ከሌሎቹ ጋር እኩል እንዲጣደፉበት አገሮችን አላስገደዱም።

የቦሌው አውሮፕላን ማረፊያ ጉዳዩን ያብራራል። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ 363 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን የማረፊያውን ዐቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ከፍ አድርጎታል። በዚያ አዳራሽ ከሚመላለሰው ሰው እጅግ ብዙው ከአንድ አውሮፕላን ወርዶ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ነው፤ የአዲስ አበባን አፈር አይረግጥም፤ በስታቲስቲክሱም ሕግ ከጉምሩኩ በር ያልወጣ ሰው የአገር ጎብኚ አይባልም። የዓለም የጉዞና ቱሪዝም ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የኢትዮጵያ ጉዞና ቱሪዝም በ48.6 በመቶ አደገ፣ በዓለም አንደኛ ሆነ፣ ከአገሪቱ ምጣኔ ሀብት 9.4 በመቶውን ያዘ ብሎ ሲያውጅ፣ በዚያ ድምር ውስጥ ለዘርፉ የፈሰሰው ካፒታልም ነበረበት፤ ለዕድገቱም ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው አዲስ አበባ የአየር መጓጓዣ መናኸሪያ መሆኗ ነበር። ዜናው በደስታ ተነበበ። ከአዲስ አበባ ሰው ስንቱ ያንን እንግዳ በዓይኑ እንዳየው የጠየቀ ግን አልተሰማም።

እስከዚህ ያለው የባለሙያዎች ክርክር ነው፤ ሊፈታም ይችላል። የባሰው ሌላ ነው።

ኢንቨስትመንት የሚለውን ቃል አማርኛ «መዋዕለ ንዋይ ማፍሰስ» ብሎ ተርጉሞታል። መዋዕል በግእዝ ቀናት ነው፤ ንዋይ ደግሞ ዕቃ፣ ገንዘብ ነው። የገንዘብ ዘመን እንደ ማለት ይሆናል። ማፍሰስ የሚለው ግስ ደግሞ ከማፍረስ የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ በሆነ ነበር፤ የሒሳቡ ሕግ ራሱ ሁለቱን ባያቀላቅላቸው ኖሮ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የብሔራዊ ሒሳቦች ሥርዓት መሠረት ለአዲስ ሕንፃ ቦታውን የማጽዳትና የማዘጋጀት ወጪ ከሕንፃው ዋጋ ጋር ተደምሮ የካፒታል ምሥረታ ይባላል። ይህም ማለት ዶዘሩ በተከራየበት ሰዓት፣ ነጂው በተከፈለው አበል፣ ፍርስራሹን በጫነው ገልባጭ መኪና ልክ የአገሪቱ ካፒታል እንደ ተመሠረተ ይቆጠራል። የፈረሰው ቤትስ? ከዚህ ድምር ላይ አይቀነስም። «ጥቅል» የተባለበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እርጅናና ጥፋት የሚመዘገቡት በሌላ ሠንጠረዥ ነው፤ ያም ሠንጠረዥ በምረቃ በዓል ላይ ሲነበብ ተሰምቶ አያውቅም።

ለመሆኑ በዚያ በሌላው ሠንጠረዥስ ቢሆን የጌጃ ሰፈር ቤት ምን ያህል ብሎ ሊገባ ይችላል? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ካደረገ ወዲህ የመሐል አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በብዛት የቀበሌ ቤት ሆነው ኖረዋል። ኪራያቸው ለዐሥርተ ዓመታት ከነበረበት ንቅንቅ ሳይል ቆየ። ቤትን በሚያስገኘው ኪራይ የሚመዝን ሒሳብ እንግዲህ ያንን ቤት ከምንም ያልተሻለ ሆኖ ያገኘዋል። ነገር ግን ጣሪያው ሥር የሚኖረው ሰው ከቤቱ የሚያገኘው ጣሪያውን ብቻ አይደለም። ወደ መርካቶም ወደ ሜክሲኮም በእግሩ ይሄዳል፤ እናት በደጃፏ ላይ እንጀራ ትሸጣለች፤ ሕፃኑን ጎረቤት ይጠብቅላታል፤ ሰው ሲሞት የእድር ድንኳን ከመምሸቱ በፊት ይተከላል። ይህ ሁሉ የሚኖረው ቤቱ በዚያ ሥፍራ ላይ በመኖሩ ነው። ኪራዩ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥፋቱ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ለድኻው የዋለለት ውለታ ቤቱ ሲፈርስ ምስክር ሆኖ ይቆምበታል።

የጭቃውን ግድግዳ ማሞገስ ግን አያስፈልግም። የሚያፈስ ጣሪያ፣ ለብዙ አባወራ አንድ መጸዳጃ፣ በክረምት የሚገባ ጎርፍ የግጥም ርእስ ሊሆኑ ይችላሉ እንጂ የሚመኙአቸው አይደሉም። ከዚያ ወጥቶ ደረቅ ወለል ያለው ቤት ያገኘ ሰው ተበደልሁ እንዲል የሚጠብቅ ጸሐፊ ካለ ሰፈሩን ከመኪና መስኮት ያየ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ አንድ ትንሽ ትዕይንት ይታሰብ። አንድ ወጣት ቆጣሪ ቅጹን ይዞ በጌጃ ሰፈር የአንዲት ባልቴት በር ያንኳኳል። የመጣው ቱሪዝም ምን ያህል ንብረት እንዳፈራ ሊመዘግብ ነው።

«እትዬ፣ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ንብረት አለዎት?»

«ምን ዓይነት ንብረት ልጄ?»

«አልጋ፣ ክፍል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ።»

«አልጋማ አለ። ልጄ ከአሜሪካ ለገና ትመጣለች ብዬ ባለፈው ወር ገዛሁ። ከነፍራሹ። በዕቁቤ ነው የገዛሁት።»

«ያከራዩታል?»

«ምኑን?»

«አልጋውን ነዋ።»

«ለልጄ?»

ወጣቱ ቅጹን አገላብጦ ያያል። «እንግዲያው እዚህ አይገባም፣ እትዬ። ፍጆታ ውስጥ ነው የሚመዘገብ።»

«ፍጆታ ማለት ምንድን ነው?»

«ተበልቶ ያለቀ ማለት ነው።»

«አልጋው አለ እኮ። ግባና እየው።»

ቆጣሪው አልተሳሳተም። በብሔራዊ ሒሳብ ሕግ ሆቴል የገዛው አልጋ ካፒታል ነው፤ ቤተሰብ ለመኖሪያው የገዛው አልጋ፣ ከአንድ ዐናጺ እጅ የወጣ መንትያው ቢሆን እንኳ፣ ፍጆታ ነው። ልጂቱ ግን በዚያው ሕግ ጎብኚ ናት። ኑሮዋ ውጭ አገር ነው፤ ዘመድ ጥየቃ መጥታለች፤ በቦሌ በር ስትገባ ትቈጠራለች። በ2014 ዓ.ም. የገና በዓል ሰሞን መንግሥት አንድ ሚሊዮን በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው እንዲመጡ ጥሪ ባቀረበ ጊዜ ብዙዎቹ ያረፉት እንዲህ ባለ አልጋ ላይ ነው። እንግዳዋ በመዝገቡ አለች፤ እንግዳዋ የተኛችበት የለም። አማርኛ «ቤት ለእንግዳ» ሲል ቤቱን በሞላ፣ ከምድጃው እስከ መደቡ፣ ለመጪው ሰው ያወጀ ነው። ያ አባባል በሠንጠረዥ ቢጻፍ የጌጃ ሰፈር ቤት በሞላ የቱሪዝም ቋሚ ንብረት በተባለ ነበር።

አንድ የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። ይኸው ሥርዓት ረጅም ጊዜ የሚያገለግል የድርሰት፣ የቴአትርና የሙዚቃ ሥራን ከቋሚ ንብረት ይቆጥራል። የአንድ ደራሲ የእጅ ጽሑፍ ከሆቴል አሳንሰር ጋር በአንድ ዐምድ ሊቆም ይችላል። ሒሳብ ዐዋቂዎች ደራሲን አልናቁም። ግን ዕጣኑን አጭሳ፣ ቡናውን ቆልታ እንግዳውን የምታስተናግደው ሴት ሙያ በየትኛውም ዐምድ የለም። ሙያ ከሰው የማይለይ በመሆኑ ንብረት አይባልም። ጎብኚው አገሩ ተመልሶ የሚያወራው ደግሞ ስለዚያች ሴት እንጂ ስለ አሳንሰሩ አይደለም።

የድሮው መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ይል ነበር። ባለቤቱ የቤቱን ማለፊያ ቦታ ሰጥቶ፣ እግር አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። ጠዋት ሒሳብ የለም። ዛሬ ግን እንግዳን ለመቀበል የሚሰናዳው ገበታ ሌላ መልክ አለው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» በተባለው እራት አንድ መቀመጫ በ5 ሚሊዮን ብር ተሽጧል፤ ገንዘቡም የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች ለማስዋብ ውሏል። ቀጥሎ የመጣው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን አልምቷል። በዚህ ማሾፍ ቀላል ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም። ባለጸጋ ገንዘቡን ለአደባባይና ለዛፍ እንዲያወጣ ማድረግ የሚያስመሰግን ነው። ገበታ የሚለው ቃል መመረጡም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእንግዳና ከእንጀራ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ልዩነቱ የባለ 5 ሚሊዮኑ መቀመጫ በሒሳብ መዝገብ መስፈሩ፣ የባልቴቲቱ ዕቁብ አለመስፈሩ ላይ ነው።

ካዛንቺስ ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ያስነሣል። ያ ሰፈር በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ነበር። የውጭ ጎብኚ የአዲስ አበባን ሌሊት ሊያይ ሲሻ ወደዚያ ይመራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲደርስ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ በዓለም መድረክ እስከ መታወቅ የደረሰው የፈንዲቃ የባህል ማዕከልም የነበረበትን ቤት አጣ። ከተማይቱን ለጎብኚ ለማስዋብ በሚደረግ ጥረት ጎብኚው ይመጣበት ከነበረው ነገር አንዱ ከቦታው ተነሣ ማለት ነው። ሰፊው የእግረኛ መንገድ፣ መብራቱ፣ አረንጓዴው ሥፍራ በካፒታል ምሥረታ ዐምድ ውስጥ በክብር ይገባሉ፤ ይገባቸዋልም። ማሲንቆው ቀድሞውንም ስላልተመዘገበ መሄዱ አይታወቅም።

ወደ ላሊበላ የወጣ ሰው ሌላውን ጎን ያያል። ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከ13ኛው መጀመሪያ ጋር የሚያያዙት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ናቸው። አሠራራቸው ድንጋይን በድንጋይ ላይ በመደራረብ ሳይሆን ድንጋይን ከድንጋይ በመቀነስ ነው። እነዚያ ጠራቢዎች ያነሡት ሁሉ የቀረውን አክብሮታል፤ በዚህ ከዶዘር ይለያሉ። ያ ካፒታል ያለ ደረሰኝ የተመሠረተ ነው፤ ካህናቱና ምእመናኑ ስምንት መቶ ዓመት ያህል የጠበቁበት ድካምም ዋጋው ተጽፎ አያውቅም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከላያቸው የተተከለው የብረት መጠለያ ግን ዋጋው ይታወቃል።

በከተማይቱ ሆቴሎች ተሠሩ፤ ብዙ ሰው ያለ የሌለ ጥሪቱን አፈሰሰ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማይቱን ደረሰባት፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተከተለ። ሆቴሎቹ በቆሙበት ቆመው እንግዳው ቀረ። የቀድሞ ነጋዴዎች የመነሻ ገንዘብን «ወረት» ይሉት ነበር፤ ያው ቃል ቶሎ የሚበርድ ፍቅርም ስም ነው። ሰላም በየትኛውም የካፒታል ሠንጠረዥ ዐምድ የለውም፤ ባዶው አልጋ ግን የሰላምን ዋጋ ከማንም ሠንጠረዥ ይልቅ አስልቶታል።

እዚህ ላይ የስታቲስቲክስ ሰው ተነሥቶ ቢከራከር እውነት አለው። ጉርብትና በብር አይተመንም፤ እድር ገበያ ላይ አይወጣም፤ የማይተመነውን በግምት ከምጨምር ብተወው ይሻላል ሊል ይችላል። ብዙ ደራስያንም፣ ምክንያታቸው ሌላ ይሁን እንጂ፣ ከእርሱ ጋር ይስማማሉ፤ ፍቅርና ወግ ዋጋ ሲወጣላቸው ይረክሳሉ ይላሉ። በዚህ ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት ይተባበራሉ። አንዱ ከትሕትና፣ ሌላው ከኩራት የተነሣ የጌጃ ሰፈርን አልጋ ከመዝገብ ውጭ ይተዉታል። ያልተመዘገበ ነገር ክቡር ሆኖ የሚኖረው ማንም እስካልፈለገው ድረስ ነው። የተፈለገ ዕለት ምንም እንዳልነበረ ይነሣል፤ ካሣም አይጠየቅበትም፤ ምክንያቱም የነበረ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት የለም። ስለዚህ ከሁለቱ ስሕተቶች የባሰው አለመስፈር ነው።

መስፈር ሁሉ ደግሞ በብር መተመን አይደለም። ቁናም አለ፤ ክንድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን የቱሪዝምን ዘላቂነት ለመለካት ያጸደቀው አዲስ ማዕቀፍ ከገንዘብ ሌላ ኅብረተሰብና አካባቢም በየራሳቸው መለኪያ እንዲቈጠሩ በር ከፍቷል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ቅጽ ወደ አንድ ሰፈር ሲላክ ስንት እድር እንዳለ፣ ስንት ዓመት እንደ ኖረ፣ ከቤት እስከ ሥራ የስንት ደቂቃ የእግር መንገድ እንደሆነ፣ በደጃፍ ንግድ ስንት ቤተሰብ እንደሚያድር፣ ካለፈው እንቁጣጣሽ ወዲህ ስንት ከውጭ የመጣ ዘመድ በስንት ሌሊት እንዳደረ ቢጠይቅ ወጪው የአንድ ሆቴል በር አያክልም። ይህ ሁሉ ተጽፎም ቤቱ ሊፈርስ ይችላል። ከተማ ሳትፈርስ አታድግምና ይህን መካድ አይቻልም። ያኔ ግን የሚያፈርሰው ሹም በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ዐምድ አይቶ ይፈርማል።

በእህል ተራ ጤፍ ሲሰፈር ሻጭና ገዢ ሁለቱም ከሰፋሪው አጠገብ ይቆማሉ። ቁናው እንደ ተከመረ ይሁን ወይም ጠርዙ ተገፍፎ፣ እጁ ይወዝውዝ አይወዝውዝ፣ በዓይናቸው ይከታተላሉ፤ ሲያጠራጥራቸውም ይድገም ይላሉ። በአዲስ አበባ የሚፈርስ ቤት ሲለይ ምልክት አድራጊው ቀለሙን ይዞ ይመጣና ግድግዳው ላይ ይጽፋል። ባለቤቲቱ ከደጃፍ ቆማ ታያለች። የሚጻፈው የቤቱ ቁጥር ነው፤ አልጋው ያለው ከግድግዳው በስተጀርባ ነው።